ዕዳው ያልተጻፈበት ኑዛዜ፤ ስለ አንድሪው ካርኔጊ «የሀብት ወንጌል»

ባለጸጋ ሰው የሚሞትበት ቀን ሲቀርብ የነፍስ አባቱን ጠርቶ፣ ሽማግሎችን ምስክር አስቀምጦ ሲናዘዝ የቃሉ ሥርዓት በኢትዮጵያ ከጥንት የታወቀ ነው። አስቀድሞ ዕዳውን ይናገራል፤ ለእገሌ ይህን ያህል ብር አለብኝ፣ የእገሌን በሬ ወስጄ ሳልመልስ ቀርቻለሁ ይላል። ከዚያ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለድኻ፣ ለሚስቱና ለልጆቹ የሚተወውን ይናገራል። ዕዳው ሳይነገር ስጦታው ብቻ ቢነገር የነፍስ አባቱ «ልጄ፣ የሰው ገንዘብ የለብህምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህን ሥርዓት በልቡ የያዘ አንባቢ፣ የአሜሪካው ባለጸጋ አንድሪው ካርኔጊ ስለ ሀብት የጻፈውን ሲያነብ በብዙው ነገር ደስ እያለው አንድ ነገር እንደ ጐደለ ይሰማዋል። የጐደለው ምን እንደ ኾነ ለመናገር ግን ጽሑፉን ከመጀመሪያው መመርመር ይገባል።

ጽሑፉ መጀመሪያ የታተመው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1889 ዓ.ም. በጁን ወር፣ «ኖርዝ አሜሪካን ሪቪው» በሚባለው መጽሔት ነው፤ ከዚህ በታች የሚነሣውም ዘመን በዚያው አቈጣጠር ነው። ደራሲው የሰጠው ስም «ሀብት» የሚል ብቻ ነበር። «ፓል ማል ጋዜት» የተባለው የለንደን ጋዜጣ እንደ ገና ሲያትመው ግን «የሀብት ወንጌል» ብሎ ሰየመው፤ ካርኔጊም ስሙን ወደደውና በ1900 ሌሎች ጽሑፎቹን ጨምሮ በመጽሐፍ ሲያወጣው በዚሁ ስም አወጣው። ገጹ ጥቂት ስለ ኾነ በአንድ ማታ ተነቦ ያልቃል። አጻጻፉ የነጋዴ አጻጻፍ ነው፤ ቃል አያባክንም፣ ወደ ጐን አይልም፣ አንዱን ነገር ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይሻገርም። እንዲህ ያለ ንጹሕ አነጋገር በብዙ ሊቃውንት መጻሕፍት ስንኳ አይገኝም።

ወንጌል መባሉ የቤተ ክርስቲያንን ሰው ጆሮ ይቈረቍር ይኾናል። ነገር ግን ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ ደራሲው ያላሰበው ኅብር ይገኝበታል። ሀብት በአማርኛ ገንዘብ፣ ከብት፣ ንብረት ማለት ቢኾንም በግእዝ ሥሩ ወሀበ ነው፤ ወሀበ ሰጠ፣ ሀብት ስጦታ። ሀብተ ፈውስ፣ ሀብተ ትንቢት ሲባል ከእግዚአብሔር የተሰጠውን ማለት እንጂ በሣጥን የተቈለፈውን ብር ማለት አይደለም። ባለጸጋ የሚለውም ቃል እንደዚሁ ጸጋን ተሸክሞ ይኖራል። ርስት ደግሞ ከወረሰ የወጣ ነው። እንግዲህ አንድ ቤተ ሰብ በእጁ ያለውን ነገር ሀብት ብሎ ሲጠራው የተሰጠኝ፣ ርስት ብሎ ሲጠራው የወረስኹት ማለቱ ነው። የካርኔጊ ጽሑፍ በሙሉ በእነዚህ በኹለቱ ቃላት መካከል ያለ ክርክር ነው ቢባል ስሕተት አይኾንም፤ የባለጸጋ ገንዘብ ርስት ኾኖ ለልጅ እንዳይተላለፍ፣ ሀብት ማለት ስጦታ ኾኖ ወደ ሕዝብ እንዲመለስ ይፈልጋልና።

ደራሲው ከሚያስፈልገው በላይ የተረፈው ሰው ገንዘቡን የሚያደርግበት ሦስት መንገድ ብቻ እንዳለ ይናገራል። አንደኛው ለልጆች ማውረስ ነው፤ ኹለተኛው ሲሞት ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል መናዘዝ ነው፤ ሦስተኛው በሕይወት ሳለ ራሱ ማከፋፈል ነው። የመጀመሪያውን በጥቂት ቃል ይጥለዋል። ለሚስትና ለሴቶች ልጆች የሚበቃ መተዳደሪያ፣ ለወንዶች ልጆችም ጥቂት መነሻ ከተተወ በኋላ ትልቅ ሀብት መጫን ፍቅር ሳይኾን ጉዳት ነው ይላል። አባቶች ይህን የሚያደርጉት ለልጆቹ ጥቅም አስበው ሳይኾን ስለ ቤታቸው ስም ኰርተው ነው ሲልም ብዙ ባለጸጎች ሊሰሙት የማይወዱትን ተናገረ። የመክብብን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ የደከመበትን ኹሉ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ሲተው፣ ያ ሰው ጠቢብ ይኹን ሰነፍ ማን ያውቃል ብሎ ንጉሡ ያዘነበት ነገር ነውና። ካርኔጊ ግን አላዘነም። ያለ ኀዘን ደንብ አወጣለት፤ ከዚያም አልፎ መንግሥት ከሟች ባለጸጋ ገንዘብ ብዙ ግብር ቢወስድ መልካም ነው አለ። ይህን የጻፈው ራሱ ባለጸጋ የኾነ ሰው መኾኑን አንባቢው ሊዘነጋ አይገባም።

ኹለተኛውን መንገድ የሚነቅፍበት ምክንያት ደግሞ በምሳሌ የተደገፈ ነው። ሳሙኤል ቲልደን የሚባል የኒውዮርክ ሰው በ1886 ሲሞት ብዙ ሚሊዮን ዶላር ለነጻ ቤተ መጻሕፍት ተናዝዞ ነበር፤ ወራሾቹ ግን በኑዛዜው ላይ ተከራከሩ። ከኑዛዜው የተረፈው ከፊሉ ብቻ ነበር፤ እርሱም በ1895 ከሌሎች ኹለት ስብስቦች ጋራ ተጨምሮ ለኒውዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መነሻ ኾነ። ካርኔጊ በዚህ ክርክር ላይ ተመርኵዞ የሚለው እንዲህ ነው፤ የሞተ ሰው ፈቃዱን ሊያስፈጽም አይችልም፤ ደግሞም ወደ መቃብር ይዞ ሊሄድ ስላልቻለ ብቻ የተወውን ገንዘብ ሰጠ ማለት አይገባም። እንግዲህ የቀረው ሦስተኛው መንገድ ነው። ሀብቱን እንደ ያዘ የሚሞተውን ሰው ካርኔጊ እንደ ተዋረደ ይቈጥረዋል፤ ጽሑፉም በዓለም ዝናው የወጣው በዚህ ቃል ነው።

ይህን የጻፈው ሰው ከየት እንደ መጣ ማወቅ ለንባቡ ይረዳል። ካርኔጊ በ1835 በስኮትላንድ አገር በደንፈርምሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ በእጅ የሚሸምን ሸማኔ ነበር፤ በእንፋሎት የሚሠራ የሽመና መኪና ሲመጣ ሥራው ጠፋበትና በ1848 ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ልጁ በፒትስበርግ አጠገብ በጥጥ ፋብሪካ በሳምንት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም እየተከፈለው ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ የቴሌግራፍ መልእክተኛ፣ ከዚያ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ በመጨረሻም የብረት ፋብሪካዎች ጌታ ኾነ። ከድኽነቱ ዘመን አንድ ነገር አልረሳም። አንደርሰን የሚባል ኮሎኔል አራት መቶ የሚያህሉ መጻሕፍቱን በየቅዳሜው ለሠራተኛ ልጆች ያውስ ነበር፤ ካርኔጊም ትምህርቱን ከዚያ አገኘ። በኋላ ዘመን በልዩ ልዩ አገር ያሠራቸው ቤተ መጻሕፍት 2509 ናቸው። አንድ ሰው በልጅነቱ የተደረገለትን ደግነት በሽበቱ ዘመን ይህን ያህል አብዝቶ ሲመልስ ማየት ብርቅ ነው፤ ገንዘቡና የልቡ እምነት በአንድ መንገድ የሄዱበትም ስፍራ ይህ ነው።

የስጦታውም ሥርዓት ሊጠና የሚገባው ነው። ከተማው ቦታውን ይሰጣል፤ ለሕንፃው ከተሰጠው ገንዘብም ከመቶ ዐሥር እጅ የሚያህለውን በየዓመቱ ለመጽሐፍ፣ ለሠራተኛና ለጥገና ለማውጣት ቃል ይገባል፤ ካርኔጊ ሕንፃውን ያሠራል። ቃል ያልገባ ከተማ አያገኝም። በዚህ ሥርዓት የተቀበለው ሰው እጁን ዘርግቶ የሚቀመጥ ሳይኾን ከሰጪው ጋራ የሚሠራ ይኾናል፤ ሰጪው ሲሞትም ሥራው ከእርሱ ጋራ አይሞትም። ሕንፃ አሠርተው፣ ጕልላቱን በወርቅ ቀብተው፣ ለመብራቱና ለአገልጋዩ ሳያስቡ የሚተዉ ደጋግ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ ይህን አንድ ደንብ ቢማሩ ብዙ በር ሳይዘጋ በቀረ።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በወጣው ኹለተኛ ጽሑፉ ካርኔጊ ገንዘብ የሚሰጥባቸውን ሰባት ስፍራዎች በተራ ዘረዘረ። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍት፣ ሦስተኛ ሆስፒታል፣ አራተኛ የሕዝብ መናፈሻ፣ አምስተኛ የሙዚቃና የስብሰባ አዳራሽ፣ ስድስተኛ የመዋኛ ገንዳ፣ ሰባተኛ ቤተ ክርስቲያን። ከመዋኛ ገንዳ በኋላም ቢኾን መታሰቧ አንድ ነገር ነው። ደግሞም ሰውየው ከ7000 ለሚበልጡ አብያተ ክርስቲያናት የኦርጋን መሣሪያ ስለ ሰጠ፣ ምዕመናኑን አዘምሮ ስብከቱን ለካህናቱ ተወላቸው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ነቀፋው። የመጀመሪያው ነቀፋ ስለ ምጽዋት ነው። ካርኔጊ ለለማኝ መስጠትን አጥብቆ ይጠላል። ምጽዋት ተብሎ ከሚወጣው አንድ ሺሕ ዶላር ዘጠኝ መቶ ዐምሳው ያለ ጥበብ የባከነ ነው እስከ ማለት ይደርሳል። የፍልስፍና መጻሕፍት የጻፈ አንድ ወዳጁ በመንገድ ላገኘው ለማኝ ሩብ ዶላር መስጠቱን ጠቅሶ፣ ይህ ሰው በሕይወቱ ከሠራቸው እጅግ ክፉ ሥራዎች አንዱ ይህ ሳይኾን አይቀርም እያለ ያጥላላዋል፤ የሰጠው የራሱን ልብ ለማሳረፍ እንጂ የለማኙን ጠባይ መርምሮ አይደለምና። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስለ አልዓዛር ባስተማረው ትምህርት የተናገረው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መጽዋቹን በወደብ ይመስለዋል፤ ወደብ መርከባቸው የተሰበረባቸውን ኹሉ ደጉን ከክፉው ሳይለይ ይቀበላል፤ የድኻ ምስክር ወረቀቱ ማጣቱ ብቻ ነው ይላል። በእነዚህ በኹለቱ መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ አያያዝ ልዩነት አይደለም። ካርኔጊ ሲሰጥ ፈራጅ ነው፤ ማን ሊነሣ እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል መርምሮ ለሚነሣው መሰላል ያቆምለታል። ሊነሣ የማይችለውስ? የታወረው፣ ሽባው፣ ያረጀችው መበለት መሰላሉ ምን ያደርግላቸዋል? ጽሑፉ እነርሱን ለመንግሥት ትቶ ያልፋቸዋል።

ኹለተኛው ነቀፋ ከዚህ ይጠልቃል፤ እርሱንም ያለ ሰዋስው ማየት አይቻልም። የቅኔ መምህር የደቀ መዝሙሩን ቅኔ ሲያርም አስቀድሞ ባለቤቱንና ማሰሪያውን ይጠይቃል፤ ማን አደረገ፣ ምን አደረገ ይላል። በካርኔጊ ጽሑፍ ይህ ጥያቄ ቢጠየቅ የሚገኘው መልስ የሚያስደንቅ ነው። ጽሑፉ ሀብት እንዴት እንደ ተሰበሰበ በሚናገርበት በመጀመሪያው ክፍል ባለቤቱ ሰው አይደለም፤ ሕግ ነው። የውድድር ሕግ፣ የሀብት መከማቸት ሕግ እንዲህ ያደርጋል፤ ለአንዳንዱ ሰው ቢከብድም ለዘሩ ኹሉ ስለሚበጅ ልናመልጠው አንችልም ይባላል። ገንዘቡ በጥቂቶች እጅ የገባው እንደ ዝናብ ነው፤ ዘነበ ይባላል እንጂ አዘነበው አይባልም። ስለ መስጠት ወደሚናገረው ወደ ኹለተኛው ክፍል ሲሻገር ግን ባለቤቱ በድንገት ይለወጣል፤ ሰውየው ያስባል፣ ሰውየው ይመርጣል፣ ሰውየው ይሰጣል። ሲሰበሰብ ሕግ ሰበሰበው፣ ሲሰጥ ሰው ሰጠው። ጥፋት ቢኖር የሕጉ ነው፤ ምስጋናው ግን የባለጸጋው ነው። እንዲህ ያለ ቅኔ በጉባኤ ቢቀርብ ሰሙና ወርቁ አልተገናኘም ተብሎ ይመለሳል።

ደራሲው ይህን ስንጥቅ ራሱ ሳያየው አልቀረም ለማለት የሚያስደፍር አንድ ስፍራ አለ። ፒተር ኩፐር የተባለ ባለጸጋ በ1859 በኒውዮርክ ያቆመውን ነጻ ትምህርት ቤት ካመሰገነ በኋላ፣ ያ ገንዘብ በደመወዝ መልክ ለሠራተኞች ተከፋፍሎ ቢኾን ኖሮ ይህን ያህል ጥቅም ባልተገኘ ነበር ይላል። እግረ መንገዱንም በአንዲት ሐረግ፣ ደመወዝ ግን ለተሠራ ሥራ የሚከፈል እንጂ ምጽዋት ስላልኾነ ከማከፋፈያ መንገዶች ኹሉ የበለጠው ነው ብሎ ያልፋል። ከኹሉ የበለጠ ከኾነ ስለ ምን ከሦስቱ መንገዶች አንዱ ኾኖ አልተቈጠረም? ስለ ምንስ አራተኛ መንገድ፣ ይልቁንም መጀመሪያ የሚኾን መንገድ አልተባለም? ወርቁ በዚያች ሐረግ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ደራሲው ሰሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ጽሑፉ ከታተመ ከሦስት ዓመት በኋላ ይህ የሐረግ ነገር የደም ነገር ኾነ። በፔንሲልቫኒያ በሞኖንጋሂላ ወንዝ ዳር በሆምስቴድ የካርኔጊ ትልቅ የብረት ፋብሪካ ነበር። በ1892 ኩባንያው ደመወዝ ሊቀንስ፣ የሠራተኞቹንም ማኅበር ሊያፈርስ ፈልጎ ከሠራተኞቹ ጋራ ተጣላ። የሥራው አዛዥ ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ የፋብሪካውን በር ዘግቶ 300 የሚያህሉ ቅጥር ታጣቂዎችን በጀልባ አስመጣ። ጁላይ 6 ቀን ጎሕ ሲቀድ በወንዙ ዳር ተኵስ ተከፈተ፤ ከኹለቱም ወገን ቢያንስ ዐሥር ሰው ሞተ። ከዚያ የመንግሥት ጦር መጥቶ ስፍራውን ያዘ፤ በኖቬምበርም ሠራተኞቹ ተሸንፈው ማኅበራቸው ፈረሰ። ካርኔጊ በዚያ ጊዜ በስኮትላንድ ነበር፤ ከዚያም ኾኖ ፍሪክን ደግፏል። ይኸው ሰው በ1886 በጻፈው ጽሑፍ ሠራተኞች ማኅበር ለማቋቋም መብት እንዳላቸው ተሟግቶ፣ በሠራተኞች ዘንድ የባልንጀራን ሥራ አለመውሰድ እንደ ትእዛዝ የሚጠበቅ ሕግ መኾኑን በአክብሮት ተናግሮ ነበር። ብዕሩ አንድ ነገር ተናገረ፣ ፋብሪካው ሌላ ነገር ሠራ።

በዚያ ፋብሪካ ብዙው ሰው በቀን ዐሥራ ኹለት ሰዓት ይሠራ ነበር፤ በየኹለት ሳምንቱም የቀንና የሌሊት ፈረቃ ሲለዋወጥ አንድ ጊዜ ኻያ አራት ሰዓት ሙሉ ሳያርፍ ይቆማል። እንዲህ የደከመ ሰው መጽሐፍ የሚያነብበት ዐይን ከየት ያመጣል? ከሠራተኞቹ ወገን ይህን ጥያቄ የጠየቁ ነበሩ፤ የካርኔጊን ቤተ መጻሕፍት አንቀበልም ያሉ ከተሞችም አልጠፉም።

ጽሑፉ በወጣበት ዘመን የተነሣው ክርክር ለካህናት አንባብያን ሳይጠቅም አይቀርም። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ግላድስተን በ1890 በኖቬምበር ወር ጽሑፉን አመስግኖ ጻፈ፤ ነገር ግን ቤትና ስም ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ ለሀገር ይጠቅማል ብሎ በውርስ ነገር አልተስማማም። በሚቀጥለው ወር አንድ ካርዲናል፣ አንድ የአይሁድ መምህርና አንድ የሜቶዲስት ሰባኪ መልሳቸውን አወጡ። ከሦስቱ የበረታው ሰባኪው ሂው ፕራይስ ሂውዝ ነበር። ሰውየውን ሳይሰድብ ነገሩን ነቀፈ፤ በአንዱ ወገን ሚሊዮን ያለው ሰው ሲበዛ በሌላው ወገን ምንም የሌለው ሰው መብዛቱን አንሥቶ፣ እንዲህ ያለ ባለጸጋ መነሣቱ ራሱ ከክርስቶስ ትምህርት ጋራ አይስማማም አለ። ይህም ከሆምስቴድ ኹለት ዓመት አስቀድሞ መኾኑ ነው።

የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ፣ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ስላሰበው ሰነፍ ባለጸጋ በሰበከው ስብከት ከሂውዝም ያልፋል። ለእርሱ የተረፈው እንጀራ የተራበው፣ በሣጥን ያለውም ልብስ የታረዘው ገንዘብ ነው። እንግዲህ ባለጸጋው ሲሰጥ ዕዳውን ከፈለ እንጂ ቸርነት አደረገ አይባልም። በካርኔጊ ጽሑፍ ባለአደራ የሚለው ቃል አለ፤ ባለጸጋው ለድኾች ወንድሞቹ ባለአደራ ነው ይላል። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን የአደራ ገንዘብ ባለቤት አለው፤ ባለአደራም አደራውን ካስቀመጠው ሰው በላይ ዐዋቂ ነኝ ብሎ በራሱ ፈቃድ ብቻ አያዝበትም። ካርኔጊ ደግሞ ባለአደራው በጥበቡና በልምዱ ስለሚበልጣቸው ለእነርሱ ከራሳቸው ይልቅ የሚበጀውን ያውቃል ብሎ በግልጽ ይጽፋል።

በሉቃስ ወንጌል የተጻፈው የዘኬዎስ ታሪክ ለዚህ ኹሉ መለኪያ ይኾናል። ዘኬዎስ የቀራጮች አለቃና ባለጸጋ ነበር፤ ጌታ በቤቱ በገባ ቀን ቆሞ ኹለት ነገር ተናገረ። አንደኛው የሀብቱን እኵሌታ ለድኾች መስጠቱ ነው፤ ኹለተኛው የበደለው ሰው ቢኖር አራት እጥፍ አድርጎ መመለሱ ነው። ለድኾች የሰጠው የተቀባዩ ስም የማይታወቅበት ስጦታ ነው፤ የመለሰው ግን ስም ያለው ዕዳ ነው፤ እገሌ ብሎ ቤቱን አንኳኵቶ የሚከፍለው ነው። ካርኔጊ በመጀመሪያው ነገር ዘኬዎስን በለጠው፤ እኵሌታውን ብቻ ሳይኾን ከዘጠኝ እጅ በላይ የሚኾነውን ሰጥቷልና። ኹለተኛው ነገር ግን በጽሑፉም በሥራውም የለም። ለማያውቃቸው ለብዙ ሺሕ ሰዎች ሰጠ፤ ስማቸው በደመወዝ መዝገቡ ለተጻፈው ግን የቀነሰባቸውን አልመለሰም።

ስለ ቤቱም ቢኾን በቅን መፍረድ ያስፈልጋል። በ1887 ሉዊዝ ዊትፊልድን ሲያገባ፣ ሀብቱን ለበጎ ሥራ ሊሰጥ እንዳሰበ አስታውቆ፣ እርስዋም በየዓመቱ የሚከፈላትን ተቀብላ የቀረውን ውርስ እንደማትጠይቅ በውል ፈርመዋል። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው መልካም ሐሳቡን ለሚስቱ ሳይነግር ይኖርና ሲሞት በኑዛዜ ያስደነግጣታል፤ ከዚያ ስጦታውም ፍቅሩም በፍርድ ቤት ይበላሻል። ቶልስቶይ በ1910 ከሚስቱ ተሰውሮ በጫካ ውስጥ ኑዛዜ በመፈረሙ በቤቱ የተነሣው እሳት የታወቀ ነው፤ ሰውየው በዚያው ዓመት ከቤቱ ኮብልሎ በባቡር ጣቢያ ሞተ። ካርኔጊ ከዚህ ጥፋት የዳነው ነገሩን ከሠርጉ በፊት ስለ ተነጋገረበት ነው። ባለጸጋ ያለ ጌጥና ያለ ትዕቢት ይኑር ያለውን ቃሉን ግን በኒውዮርክ ባሠራው 64 ክፍል ባለው ቤትና በ1898 በስኮትላንድ በገዛው በስኪቦ ግንብ አፈረሰው።

በ1901 ፋብሪካዎቹን በ480 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ ከዚህ ውስጥ 225 ሚሊዮን የሚያህለው ለራሱ ደረሰው። ከዚያ በኋላ ሥራው መስጠት ብቻ ኾነ። ገንዘቡ ግን ወለድ እየወለደ አላልቅ አለ፤ በ1911 ከቀረው አብዛኛውን በስሙ ለተቋቋመው ለካርኔጊ ኮርፖሬሽን ሰጥቶ ዐረፈ። በ1919 ሲሞት የሰጠው ኹሉ 350 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ከሞተ በኋላ በወረቀቶቹ መካከል በ1868 በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ለራሱ የጻፋት ማስታወሻ ተገኘች። በዚያች ማስታወሻ የዓመት ገቢው 50 ሺሕ ዶላር እንደ ደረሰ ቈጥሮ ከዚህ በላይ እንደማይሰበስብ፣ በሠላሳ አምስት ዓመቱ ንግድ ትቶ ትምህርት እንደሚማር፣ ገንዘብ ማከማቸት ከከፉት የጣዖት አምልኮ ዐይነቶች አንዱ እንደ ኾነ ጽፏል። ከጻፈው ኹሉ እውነተኛው ይህ ይመስላል፤ ለማሳተም ያልተጻፈ፣ አድማጭ የሌለበት፣ ሕግ ሳይኾን ሰው ባለቤት የኾነበት ቃል ነውና። በሠላሳ አምስት ዓመቱ ግን አልተወም፤ ሠላሳ ዓመት ጨመረ።

ይህ ኹሉ ለኢትዮጵያ ከተማ ነዋሪ ምን ይነካዋል የሚል ቢኖር፣ ከአባቱ ይልቅ እርሱን ይነካዋል። የአባቱ ገንዘብ ርስት ነበር፤ ርስትም የወንድ አያት፣ የሴት አያት የዘር ድርሻ ስለ ኾነ ማንም እንደ ወደደ ሊናዘዝበት አይችልም ነበር። በ1975፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ ወዲህ ያ ሥርዓት ቀርቷል። ዛሬ በከተማ ያለው ሱቅ፣ መኪና፣ ቤት ባለቤቱ ራሱ የሰበሰበው ነው፤ ስለዚህ ከማን ጋራ ሰበሰበው፣ ለማንስ ይተወዋል የሚለው ጥያቄ በእርሱ በራሱ ላይ ይወድቃል። መልሱን ለተዝካር ድግስ ትቶ የሚያልፍ ብዙ ነው፤ አንድ ቀን ተበልቶ ልጆች ዕዳ የሚከፍሉበት ድግስ ለሟች መታሰቢያ ይባላል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መጽሐፋቸውን «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ብለው ሲሰይሙ መታሰቢያውን ከገንዘብ አውጥተው በምክር ላይ አኖሩት። ካርኔጊ ደግሞ በሕንፃ ላይ አኖረው። ያም ኾነ ይህ ከሱቁ ጀርባ ያለ ደመወዝ የሚያድረው የዘመድ ልጅ፣ ቀኑ አልፎ ያልተከፈለው ግንበኛ፣ በኑዛዜው ቀን ከነዳያን ጋራ ሳይኾን ከባለዕዳዎች በፊት ሊጠሩ የሚገባቸው ናቸው።

ሆምስቴድ በ1898 ቤተ መጻሕፍት ተሠራለት። በኮረብታ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ሕንፃ ነው፤ የሙዚቃ አዳራሽና የመዋኛ ገንዳም አለው። የብረት ፋብሪካው በ1986 ተዘጋ፤ ስፍራው ዛሬ ገበያ ኾኗል፤ ከጭስ ማውጫዎቹም ዐሥራ ኹለቱ ብቻ ቆመው ቀርተዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ግን እስከ ዛሬ ክፍት ነው፤ ልጆች ገብተው ያነቡበታል፣ ይዋኙበታል። ከኮረብታው በታች በከተማው መንገድ ዳር የብረት ሠራተኞች በ1941 ያቆሙት የድንጋይ ሐውልት አለ፤ በ1892 በወንዙ ዳር ለሞቱት መታሰቢያ የተተከለ ነው።